ያ ክርክራችን ገና አላለቀም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጠፋፋታችን ረዘመ፤ ናፍቆቱ ግን አልቀነሰም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። በእንግሊዝኛ የተተረከውን ማታ ማታ እያዳመጥኩ ሦስቱንም ቅጾች ጨረስኩ። ደራሲው ሐሳቡን የጠነሰሰው በ21 ዓመቱ፣ ስለ ሮም መንግሥት ውድቀት ካነበበው ተነሥቶ ነው። ከ1942 ጀምሮ በመጽሔት የወጡት ታሪኮች ከ1951 እስከ 1953 ባሉት ዓመታት በመጽሐፍ ታተሙ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው።

በታሪኩ ውስጥ 12,000 ዓመት የኖረ፣ ጋላክሲውን ሁሉ የሚገዛ መንግሥት ሊፈርስ ተቃርቧል። ሃሪ ሴልደን የተባለ የሒሳብ ሊቅ የእልፍ አእላፍ ሕዝብን አካሄድ የሚተነብይ ሳይንስ አለው፤ የአንድን ሰው ዕጣ ግን ሊያሰላ አይችልም። መንግሥቱን ማዳን አይቻልም፤ 30,000 ዓመት የሚዘልቀውን የጨለማ ዘመን ግን ወደ 1,000 ማሳጠር ይቻላል ይላል። ስሌቱ እንዲሠምር ደግሞ ሕዝቡ የተተነበየለትን ማወቅ የለበትም።

እዚህ ስደርስ አቋርጬ አንተን አሰብኩ። አንተ «ታሪክን የሚሠራው ሕዝብ ነው» ስትል፣ እኔ «የለም፣ ግለሰብ ነው» እያልኩ ስንት ሌሊት ነጋብን! አሁን ሌላ ጥያቄ ተጨመረብኝ፤ ለገዛ ጥቅሙም ቢሆን፣ ሳያውቀው የሚመራ ሕዝብ ነፃ ነው ይባላል? እኔ አይባልም ባይ ነኝ፤ ሴልደንን ግን ልጠላው አልቻልኩም።

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ እየሰማን ላደግን ለእኛ መጽሐፍን በጆሮ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም። ይህኛው ደግሞ ለጆሮ የተጻፈ ይመስላል። ጦርነቱ በአብዛኛው በወሬ ነው የሚሰማው፤ ሰዎቹ ተቀምጠው ይሟገታሉ፣ ይደራደራሉ፣ አንዱ ሌላውን በቃል ያጠምዳል። ባነበው ኖሮ ወደ ድርጊቱ ለመድረስ ስቸኩል ሙግቱን እዘለው ነበር፤ ተራኪው ግን በራሱ እርጋታ ይወስደኛል። በመጀመሪያው ቅጽ ሴት የለችም ማለት ይቻላል፤ ይህ ቅር አሰኝቶኛል።

በሁለተኛው ቅጽ ስሌቱ ያልጠበቀው አንድ ሰው ይመጣል። ማንነቱን አልነግርህም። ያንን ቅጽ እንደጨረስክ ሦስተኛውን ሳትጀምር ጻፍልኝ፤ ከሁለታችን ማን እንደረታ ያኔ እንነጋገራለን።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ