ለወረዳችን ኃላፊ፦ ወይራ ነቅሎ ችግኝ መትከል ምን ይባላል?

ክቡር ኃላፊ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎት ወድጄ አይደለም። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ አንዴ መስክ ወጥተው ነበር። በሦስተኛው ጸሐፊዎ ማመልከቻዬን ገለጥ አድርጋ አየችና «ማኅተም የለውም» ብላ መለሰችልኝ። እኛ የሰፈር የአትክልት ማኅበር ነን። ያለን አካፋ፣ ዶማና ጀሪካን ነው።

ነገሩን ያውቁታል፣ ግን ልድገመው። ከከተማዋ ዳር፣ ወደ አቃቂ የሚወርደው ወንዛችን ዳርቻ የቆሻሻ መጣያ ነበር። የሞተ ውሻ ሳይቀር እዚያ ነበር የሚጣለው። በ2013 ክረምት ከዕድራችን የተውጣጣን ጡረተኞችና እናቶች ወጥተን አጸዳነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ዳሩን እየበላ ወደ ቤታችን ይጠጋ ስለነበር፣ ከታች ደሾ ሳር፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ወይራ፣ ኮሶና ጽድ ተከልን። ባሕር ዛፍ ትከሉ፣ ቶሎ ይደርስላችኋል ያሉን ነበሩ። ውሃ የሚመጥ ዛፍ ወንዝ ዳር ምን ይሠራል ብለን እምቢ አልን። ወይራ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ በጋ ከበጋ በቢጫ ጀሪካን ውሃ እየተሸከምንለት ዘንድሮ ገና ትከሻዬ ላይ መድረሱ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ለየዛፉ በልጅ ልጆቿ ስም አውጥታለታለች፣ አይሳቁ።

ባለፈው ሐምሌ የእርስዎ ሰዎች ለአረንጓዴ ዐሻራ የመትከያ ቦታ «ሊያዘጋጁ» መጡ። በዶዘር። ከገበያ ስመለስ ወይራዎቹ ከነሥራቸው ተገልብጠው ከፌስታልና ከአረም ጋር ተከምረዋል። ምን እየሠራህ ነው ብለው ሾፌሩ «ማዘር፣ እኔ ጥረግ ነው የተባልኩት» አለኝ። በእሱ አልፈርድም።

በማግስቱ ባነር ተሰቀለ፣ ቲሸርት ታደለ፣ እርስዎም የግራቪሊያ ዛፍ ችግኝ ይዘው ጎንበስ ብለው ፎቶ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ሁላችሁም የውሃ ሽታ ሆናችሁ። በሁለተኛው ሳምንት የእርስዎ ችግኝ ጠወለገ። ሳብ ሳደርገው ውልቅ አለ፤ ሥሩ ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንደታሸገ ነው። ፕላስቲኩን ቀዶ መትከልን እኮ የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል!

በ2011 የተጀመረው ዘመቻ ትከሉ እንጂ የተተከለውን ንቀሉ አላለም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 92 ለእርስዎ ማንበብ ድፍረት ይሆንብኛል፤ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ሥራ ሲታቀድ ሕዝቡ መጠየቅ እንዳለበት ይናገራል። እኛን ማን ጠየቀን? አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ባዶውን ቦታ እኛው እናሳያችሁ ነበር፣ ጉድጓዱንም አብረን እንቆፍር ነበር፣ ቡናም ይፈላ ነበር። ሪፖርታችሁ ላይ «የተተከለ» የሚል አምድ እንዳለ አውቃለሁ። «የተነቀለ» የሚልስ አለው?

አሁን መስከረም ጠብቷል። ዶዘሩ የፈነቀለውን አፈር የነሐሴ ዝናብ ጠርጎ ወንዝ ከቶታል፣ ዳሩም እንደ ድሮው መናድ ጀምሯል። ገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆኑ ዶዘሩ ያልደፈራቸው አራት ወይራዎች ብቻ ተርፈውልናል። ዙሪያቸውን በእሾህ አጥረን ቀይ ጨርቅ አስረንባቸዋል። አጥሩ ለከብት አይደለም።