የኢንዶሜትሪዮሲስ ምርምር ቶሎ ከመለየት ይጀምር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሴቶች ጤና ምርምር ያወጣችሁት ጽሑፍ ኢንዶሜትሪዮሲስን ሳያነሳ ማለፉ አሳዝኖኛል። ይህ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበትና በተለይ በወር አበባ ጊዜ ብርቱ ሕመም የሚያስከትል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ያጠቃል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያና በአየርላንድ ታማሚዎችና ሐኪሞች አብረው የምርምር ቅደም ተከተል ሲያወጡ፣ ፈዋሽ ሕክምና ማግኘትን አንደኛ አደረጉ። እኛ ጋ ግን መቅደም ያለበት ሕመሙን ቶሎ መለየት ነው። ፒያሳ መድኃኒት ቤት ሆዷን ይዛ ማስታገሻ የምትጠይቅ ልጅ «ስትወልጂ ይተውሻል» ተብላ ትሸኛለች። ታዲያ ምኗን እንደሚያማት ካልታወቀ እንዴት ትታከም? ለጥናትስ ማን ይቆጥራታል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ታማሚዎችን፣ አዋላጅ ነርሶችንና የማህፀን ሐኪሞችን ጥቁር አንበሳ ላይ ሰብስቦ የምርምር ጥያቄዎቹን ያስመርጥ። ታማሚዎቹም እንደ ሐኪሞቹ እኩል ድምፅ ይስጡ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ