የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ከማድረጋችሁ በፊት ዘይት ጠብ አድርጉባት

ውድ አዘጋጅ፣

በቤት ማስዋቢያ ዓምዳችሁ ላይ ያወጣችሁትን ፎቶ አየሁት። የድሮ የስፌት መኪና የብረት እግር፣ ላዩ ላይ መስታወት ተጥሎበት፣ መሀሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጭንቅላቷ የት ሄደ? መርፌና መዘውር ያለው፣ ልብስ የሚሰፋው ዋናው አካል ማለቴ ነው። ጽሑፉ «ከማትሠራ አሮጌ መኪና» ብሎ ያልፋታል። አትሠራም ያለው ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ዘይት የቀመሰችውስ መቼ ነው? ይህን ሳልጠይቅ ማለፍ አቃተኝ።

እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስታርፍ የስፌት መኪናዋ ለእኔ ደረሰችኝ። በእግር የምትረገጥ ጥቁር ሲንጀር። ሌላ የሚወስዳት ስለጠፋ ነው እንጂ እኔ ቁልፍ እንኳ በቅጡ መትከል የማልችል ሰው ነኝ። መዘውሩን ላዞረው ብሞክር ንቅንቅ የለም። ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ጠጋ ብሎ እንኳ ሳያያት «እግሯን ሽጠው፣ ሌላው ቁርጥራጭ ብረት ነው» አለኝ። ልሸጠውም ነበር። ስንፍናዬ ነው ያዳናት፣ የሚያወርዳት ሰው መፈለግ ሰለቸኝና እዚያው ተውኳት።

ሞታ አልነበረችም። ዘይቷ ነው የደረቀው። የስፌት መኪና ዘይት ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር ይረጋና ቡናማ ሙጫ ይሆናል፣ ብረትን ከብረት ያጣብቃል። ላየው ሰው ዝገት ይመስላል። «አትዞርም» ተብለው የሚጣሉት ብዙዎቹ መኪኖች በሽታቸው ይኸው ነው።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጋደም አድርጌ ከሥር ያለውን ሁሉ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግኩ። የወጣው ጉድ! ጨርቁን የሚገፉት ጥርሶች መሀል የተጠቀጠቀው ብናኝ ተጋግሮ ቆዳ መስሎ ነበር፣ በመርፌ እየፈለቀቅኩ ነው ያወጣሁት። ከዚያ ብረት ከብረት በሚፋተግበት መጋጠሚያ ሁሉ አንዳንድ ጠብታ ላምባ፣ ማሳደር፣ ጠዋት መዘውሩን ወዲህ ወዲያ በቀስታ መወዝወዝ፣ ማታ እንደገና። ጉልበት አይገባም፤ ጉልበት የጨመረ ሰው የሚሰብረው አያጣም። (መስኮት ክፈቱ፣ እሳትም አርቁ፣ ላምባ ላምባ ነው።) በሦስተኛው ቀን መርፌዋ የጥፍር ያህል ወረደች። በአምስተኛው ቀን መዘውሩ በአንድ ጣት ዞረ። እንደ ልጅ ነው የጮህኩት።

ላምባ ግን ያጥባል እንጂ አያለሰልስም። ሙጫውን ጠርጎ ከወጣ በኋላ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት የግድ ነው፣ ያ ውሃ የሚመስለው ቀጭኑ። የምግብ ዘይት ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት፣ ተመልሶ ያው ሙጫ ነው የሚሆነው።

ሁለት ጥፋት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው እስካሁን ያንገበግበኛል። ጥቁር ገላዋ ላይ ያለው የወርቅ ጌጥ ደብዝዞ ነበርና በአልኮል ወለወልኩት። ጥጡ ወርቃማ ሆኖ መጣ! የእነዚህ መኪኖች ጥቁር ቀለም በምድጃ የተጋገረ ጠንካራ ነገር ነው፤ ከጌጡ በላይ የሚቀባው ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ግን አልኮል ሲነካው ይሟሟል። ስንት ዓመት የአክስቴ ክንድ ሲፈገፍገው የኖረውን ጌጥ እኔ በአንድ ደቂቃ ጠረግኩት። ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ የዚያው የስፌት መኪና ዘይት ይበቃው ነበር።

ሁለተኛው ያስቃል። መዘውሩን ፈትቼ አጽድቼ መልሼ ገጠምኩት። መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌዋ ግን ውልፊት አትልም። ምን ሰበርኩ እያልኩ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ከመሀለኛው ትልቅ ብሎን ሥር ያለችውን ጥርስ ያላት ቀለበት አዙሬ ገጥሜያታለሁ። አውጥቼ ግማሽ ዙር አዞርኳትና ሰላም ወረደ። ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዷን ፎቶ አንሱ። ካቻቪቴው አፉ በልኩ የሚገባ ይሁን፣ ብሎኖቹንም እንዳትጥሉ፤ የሲንጀር ብሎን ጥርሱ ብዙውን ጊዜ የራሱ ልክ ስለሆነ ከየትም አንስተው አይተኩትም።

አሁን ወደምወደው ወሬ። በመኪናዋ ግርጌ በስተቀኝ ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል። ሲንጀር ከ1900 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቁጥሩን በፊደል ማስጀመር ያዘ። ፊደሉ የትኛው ፋብሪካ እንደወለዳት ይናገራል፣ ቁጥሩ ደግሞ በየትኛው ዘመን። የኔዋ ሁለት ፊደል አላት፣ የመጀመሪያው «ኢ» (E) ነው፤ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ማለት ነው። ሞዴሏ 15ኬ ነው፣ «ኬ»ዋም ኪልቦዊ ከሚባለው ከዚያው ፋብሪካ ስም የመጣች ናት። ፋብሪካው በ1980 ተዘግቷል። እሷ እኔ ቤት ትሰፋለች።

አሠራሯም ቢሆን አላረጀም። ቀዳዳው ጫፉ ላይ የሆነ መርፌ ክር ይዞ ይወርዳል፣ ከሥር ካለው ክር ጋር ይቆላለፋል፣ ይመለሳል። ኤሊያስ ሃው በ1846 ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ ነው። የሲንጀር ኩባንያ መሥራች አይዛክ ሲንጀር በ1851 የራሱን መኪና ይዞ ሲመጣ ሃው ከሰሰውና ረታው። ዛሬ ባለ ኮምፒውተር የሚባለው የቤት መኪናም ያንኑ የተቆላለፈ ስፌት ነው የሚሰፋው። ለዚህ ነው «መለዋወጫዋ አይገኝም» ሲሉኝ የምስቀው። የ15ቷ መርፌ ዛሬ ማሸጊያው ላይ 130/705 ተብሎ የሚሸጠው ተራው መርፌ ነው፣ የታችኛው ክር የሚጠመጠምባት ቦቢኗም እስካሁን ትመረታለች።

መዞር ከጀመረች በኋላ ደግሞ «ክር ትበላለች» የሚባል ክስ አለ። ከጨርቁ ሥር የክር ጎጆ ሲሠራ ሰው ሁሉ የታችኛውን ክር ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ነው። ክር ስታስገቡ ጨርቁን የሚጫነው እግር ወደ ላይ የተነሣ ይሁን፤ ከወረደ ክሩን የሚወጥሩት ሁለት ሳህኖች ይገጥሙና ክሩ መሀላቸው አይገባም። መርፌዋም አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋው ከሥር ክሩን ወደሚይዘው መንጠቆ ይዙር፣ ክሩ ቦይ ካለበት ጎን ይግባ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ገልብጬ ሰክቻት የክር መወጠሪያውን ሞላ ሳጠብቅና ሳላላ ነበር። ሞላው ምን በወጣው!

የእናንተዋ ባለ ሞተር ከሆነች ግን ለመሞከር ብላችሁ ወዲያው ሶኬት ላይ እንዳትሰኩ። የድሮ ገመድ ላስቲኩ ይሰነጣጠቃል፣ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይየው።

ቀለም ቀብታችሁ አዲስ አስመስሏት የሚል ምክርም ሰምቻለሁ። እኔ አልወደውም። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተፋቀው ቀለም የአክስቴ ነው፣ ለምን እሸፍነዋለሁ?

እና ውድ አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ቀጥሎ እንዲህ ያለ ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ መጀመሪያ መዘውሩን ሞክሩት፣ እንቢ ካለ አንድ ሳምንት ስጡት። የምር ገላዋ ተሰንጥቆ ከሆነ ያኔ እግሯን ጠረጴዛ አድርጉት፣ ማን ይከለክላችኋል። ጭንቅላቷን ግን መለዋወጫ ለሚፈልግ ስጡት። ለእኔ የጎደለችኝን የቦቢን ቤት ያገኘሁት ከእንደዚያ ዓይነት ጭንቅላት ላይ ነው።

በሉ፣ የጀመርኩት መጋረጃ አለ። አንዱ ጎን ከሌላው በሁለት ጣት አጥሯል። የእሷ ጥፋት አይደለም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ