ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ መዥገር እና ስለ የጎፍ ደን ጉዟችን

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሉ፣ ወሎ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ጤና ይስጥልን። ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት? አዝመራውስ እንዴት ነው? ለሰብሉም ለቤተሰቡም ሰላሙን ያውርድልን።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ማክሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ባንዲራ ሲሰቀል አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አንገቱን አጣሞ እጁን ከጆሮው ጀርባ አላነሣም አለ። ቢሮ ጠርቼ አየሁት። ፀጉሩ ከሚጀምርበት ላይ ቆዳው የሳንቲም ያህል ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ከብት ሲያግድ ውሎ መዥገር ይዞት ኖሯል። ታላቅ ወንድሙ ክብሪት ጭሮ በፍሙ ሊያስለቅቀው ሞከረ፤ ልጁ ተቃጠለ፣ የመዥገሩ አፍ ግን እዚያው ቀረ። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ልከነው አሁን ደኅና ነው፣ አብሽሩ።

ወንድምየውን አልወቅስም። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ከብት ስጠብቅ መዥገር ሲይዘኝ አያቴ ላምባ ጠብ ታደርግልኝ ነበር። በፍቅር ነው የምታደርገው፤ የምታውቀው እሱን ነው። ዛሬ ግን የተሻለውን ስለምናውቅ ልንነግራችሁ ይገባል። እሳት፣ ላምባ፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ አረቄ፦ አንዱም አይጠቅምም። መዥገር ሲጨነቅ ምራቁንና የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል፤ በሽታው የሚመጣው ደግሞ በምራቁ ነው። በዚያ ላይ እስኪለቅ ስንጠብቅ ተጣብቆ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

መድኃኒቱ ቤታችሁ ውስጥ አለ፦ ወረንጦ። እሾህ የምታወጡበት፣ ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠለው ያ ትንሽ ብረት። አፉ ሾጠጥ ያለውን ምረጡ። ልጁን ብርሃን ወዳለበት አስቀምጡና ፀጉሩን በሌላ እጃችሁ ግለጡ። መዥገሩን ከሆዱ አትያዙት። ወረንጦውን ቆዳው እስኪነካ ዝቅ አድርጉና አፉ ከቆዳው ከገባበት ላይ ያዙት። ከዚያ ሳትጠመዝዙ፣ ሳትነጥቁ፣ በዝግታ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ቆዳው እንደ ድንኳን ከፍ ይላል፤ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ይለቃል ወይም በኃይል ይነጥቃል። አትልቀቁ፣ እንደያዛችሁ ቆዩ። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይለቃል። ቦታውንም እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። አፉ ተሰብሮ ውስጥ ቢቀርና በወረንጦ በቀላሉ ባይወጣ በመርፌ አትቆፍሩት፤ ቆዳው በቀናት ውስጥ ገፍቶ ያወጣዋል። ጆሮ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን እቤት አትንኩት፣ ምንም ነገርም አታፍስሱበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የወጣውን መዥገር በጥፍር ማፍረጥ የሁላችንም ልማድ ነው። እባካችሁ ይቅር። ጣት ላይ ጭረት ካለ በዚያ በኩልም በሽታ ይገባል። እሳት ውስጥ ጣሉት፣ ወይም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት። ልጆቻችን ከላሟ ጡት ሥር መዥገር እየለቀሙ በድንጋይ ሲፈጠፍጡ፣ ለዶሮ ሲሰጡ አያለሁ። ዶሮዋ ትብላው፤ ልጁ ግን በባዶ እጁ አይልቀመው፣ ለቅሞም ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

ወቅቱን አስቡት። ሣሩ ወገብ ደርሷል፣ ከብቱ ከጨፋ እስከ ጋራው ተሰማርቷል፣ ልጆቹም ከፈረቃቸው መልስ እሱን ተከትለው ይወጣሉ። መዥገር አይዘልም፣ አይበርም፣ ከዛፍም አይወርድም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ የነካውን ልብስ ይይዝና ወደ ላይ ይወጣል። ከብቶቻችን ላይ የምታዩት ትልቁ፣ ጀርባው ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ እግሩ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት ያለበት ደግሞ መጠበቅ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ትንፋሽ ሲሸተው ከመሬት ተነሥቶ ወደ እንስሳው ሮጦ ይመጣል። ሳይንስ አምብሊዮማ ይለዋል። ገና የተፈለፈለው ጤፍ ታክላለች፤ ደም ጠጥታ የጠገበችው ትልቋ ሴት የጉሎ ፍሬ ታክላለች። ብዙ ወላጅ ትልቋን ይፈልግና ጤፍ የምታክለውን ያልፋታል።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ የማታዋን ፍተሻ ነው። ልጁ ከመስክ ሲገባ፣ እራት ሳይቀርብ፣ አምስት ደቂቃ። ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር፣ ብብት፣ እምብርት፣ ወገብ ላይ ቀበቶ ወይም መቀነት የሚያርፍበት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ በጣቶች መካከል። ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋልና በመዳፋችሁም ዳብሱ። ሴቶቹን እናት ወይም ታላቅ እኅት ትይ፤ ከፍ ያሉት ደግሞ ራሳቸውን እንዲፈትሹ አስተምሯቸው፣ የሚያፍሩ ልጆች ዝም ብለው ነው የሚውሉት። ገላቸውን በሳሙና ቢታጠቡ ገና ያልተጣበቀው ይወርዳል። የመስክ ልብስ መደብ ላይ አይጣል። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ መዥገርን አይገድለውም፤ የፈላ ውሃ ወይም ትኩስ ካውያ ግን ይገድለዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በአገራችን መዥገሮች ውስጥ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለች ባክቴሪያ እንዳለች ከታወቀ ቆይቷል። የምታመጣው ሕመም የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል። ልጁ ከተነከሰ ከሳምንት አካባቢ በኋላ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ጡንቻው ይዝላል፤ የተነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፣ በአቅራቢያው ያለው ንፍፊትም ያብጣል። ይህ ትኩሳት የሚመጣበት ወር የወባም ወር ነው፤ በሐርቡና በጨፋ በኩል ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ትኩሳት ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ መመርመሩ ትክክል ነው፣ እንዳትዘሉት። ነገር ግን ምርመራው «ወባ የለም» ካለና ልጁ ካልተሻለው፣ «ከአሥር ቀን በፊት መዥገር ነቅለንለታል» ብላችሁ ለባለሙያው ንገሩ፣ ጥቁሯን ቅርፊትም አሳዩ። ባለሙያው ካልተነገረው ከየት ያውቃል? ዶክሲሳይክሊን የሚባል መድኃኒት ያድነዋል፤ የሚታዘዘው ግን በሐኪም ነው፣ ከመደብር ገዝታችሁ አትስጡ። መዥገር የነቀላችሁበትን ቀን ደብተር ላይ ወይም የቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉት፤ እስከ አንድ ወር ድረስ ልጁን በዓይናችሁ ተከታተሉ።

ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ዲያዚኖን ነው። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ይህን መድኃኒት ለልጅ ፀጉር፣ ለልብስ ወይም ለመኝታ የሚጠቀም ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ። በፍጹም አይደረግም! በቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ ይመርዛል። ልጅ ከነካው በኋላ ምራቁ ከበዛ፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረው ልብሱን አውልቃችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ እያጠባችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ባዶ ጠርሙሱም ቢሆን ታጥቦ የዘይት ወይም የውሃ መያዣ አይሁን። እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ባለ ጠርሙስ ውሃ ይዞ የመጣ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከብቱን ማስረጨት ግን ጥሩ ነገር ነው፤ ከብቱ ሲጸዳ ልጁም ይድናል። መጠኑን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገራችሁ፣ የሚረጨውም ዐዋቂ ሰው ይሁን።

ስለ እከኩም ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። ሣር ላይ ተኝተው ከዋሉ በኋላ ካልሲ በሚያርፍበትና በወገብ ዙሪያ ቀይ ቀይ ሽፍታ የሚያወጣው መዥገር አይደለም። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ቀይ ተባይ ነው፣ ቺገር ይሉታል። ሲይዝ አይሰማም፤ እከኩ ከሰዓታት በኋላ ይጀምርና በማግስቱ ይብሳል። ቆዳ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ በመርፌ የሚወጣ ነገር የለም። ገላን በሳሙና ማሸት፣ ጥፍርን ማሳጠር፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል። ስሙን ከሙጃሌ ጋር የሚያምታቱ አሉ፤ ሙጃሌ ሌላ ነው። እሱ ቁንጫ ነው፤ ሴቷ እግር ጣት ውስጥ ገብታ እንቁላሏን እዚያው ይዛ ታብጣለች። (ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1872 አንጎላ በደረሰ መርከብ ነው፤ የሳይንስ መምህር ስለነበርኩ ይህን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።) ልጃችሁ ላይ ካያችሁ በጋራ መርፌ አታውጡ፤ በመርፌው ሌላ በሽታ ይተላለፋል፣ ቁስሉም ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይከፍታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትይላችሁ።

አሁን ስለ ጉዞው። ቅዳሜ ጥቅምት 15 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የተፈጥሮ ክበብ አባላት ጽዱንና ወይራውን ሊያጠኑ ወደ የጎፍ ደን ይወጣሉ። ረዥም ሱሪ ወይም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ከሱሪ ጋር፣ ካልሲ፣ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ። የሱሪው ጫፍ ካልሲው ውስጥ ይገባል፤ ልጆቹ «ያስቃል» ይላሉ፣ መምህራኑም እንደዚያው ለብሰው ስለሚመጡ አይሳቁም። ፈዘዝ ያለ ቀለም ብታለብሷቸው ተባዩ ሲሄድ ይታያል። ካልሲና ሸራ ጫማ የሌለው፣ ኮንጎ ብቻ ያለው ልጅ እንዳይቀርብን፤ ለእኔ ወይም ለክፍሉ ኃላፊ በጆሯችን ንገሩን፣ የሚያስፈልገውን አዘጋጅተናል። ኮምቦልቻ ፋርማሲ ዲት የሚባል ተባይ የሚያባርር ነገር ያለበት ቅባት ያገኘ ወላጅ በጨርቅ ባልተሸፈነ ቆዳ ላይ ብቻ ይቀባለት፤ እጅና ዓይን አካባቢ አይነካም። በመንገዱ መሀል እንሄዳለን፣ ሣር ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን፣ ከመመለሳችን በፊትም ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ልብሳቸውን ይተያያሉ። ማታ የገላውን ፍተሻ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ በፊት ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የግቢያችንን ሣር በደቦ እናጭዳለን። ከሽንት ቤቱ ጀርባና ከኳስ ሜዳው ዳር ያለው የልጆቹን ጉልበት አልፏል። የቅሬ (የዕድር) ሽማግሌዎች ለሰዉ እንዲነግሩልን ለምነናል። የቻለ ማጭድ ይዞ ይምጣ፤ የታጨደውን ሣር ለከብቱ የሚፈልግ ይውሰድ፣ እናቶች ደግሞ ቡና እናፈላለን ብለዋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የጉዞ ፈቃድ ወረቀት ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 በልጃችሁ እጅ ላኩልን። መፈረም የማይችል ወላጅ አሻራውን ያድርግ፣ ወይም መጥቶ በቃሉ ይንገረን። ልጃችሁ የሚያሳክከው ወይም የሚያሳብጠው አለርጂ ካለበት፣ የሚወስደውም መድኃኒት ካለ ከወረቀቱ ጀርባ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር