ደብዳቤ ለልጄ፦ ለዳኛ መልስ አትስጥ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
እሑድ ግንቦት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለአቡሽ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዛሬ ጠዋት የእናቶች ቀን ነው ብለህ ስለደወልክልኝ ተባረክ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሆዴ አልተመለሰም። ስለ ፈተናህ አወራኸኝ፣ ስለ ጉልበትህ አወራኸኝ፣ የቅዳሜውን የቤዝቦል ጨዋታ ስጠይቅህ ግን «ደህና ነበር» ብለህ አለፍከው። የአክስትህ ልጅ ቪዲዮውን ትናንት ማታ ልኮልኛል። አይቼዋለሁ። ደግሜም አይቼዋለሁ።

ኳሷ ውጭ ነበረች። አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ እናቴ ስላልገባት ነው እንዳትል። ስትራይክ ተብላ እንደ ስህተት የምትቆጠርብህ ኳስ አልነበረችም፤ ዳኛው ተሳስቷል። አንተ ግን ዞረህ አፍንጫው ሥር ቆምክ፤ ሄልሜትህን መሬት ላይ ፈጠፈጥክ፤ ኮችህ ክንድህን ይዞ እየጎተተህ እንኳ ዝም አላልክም። አባረረህ፤ ይገባሃል። ለዳኛ መልስ አትስጥ። ቢሳሳትም አትስጥ።

አባትህ ቪዲዮውን አይቶ «ወንድ ልጅ አይደል፣ ታዲያ አይናደድ?» አለኝ። በዚህ ነገር እሱን እንዳትሰማው። ስለ መኪናህ ጎማ ያለህን ግን ስማው። የኋላው ግራ ጎማ አልቋል፤ በዚህ ሳምንት አስቀይረው፤ ገንዘቡን ልኬልሃለሁ።

ቡድናችሁ ሁለት ጨዋታ ካሸነፈ ለሁለት ዓመት ኮሌጆች ሻምፒዮና ግራንድ ጀንክሽን እንደምትገቡ አውቃለሁ። ግራንድ ጀንክሽን! ስሙን ስሰማ ልቤ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ። እዚያ ስንኖር ግንቦት በመጣ ቁጥር ሆቴላችን በየክፍለ ሀገሩ ልጆች ይሞላ ነበር፤ አልጋቸውን የማነጥፈው እኔ ነበርኩ። የሜዳውን ቀይ አፈር ከመታጠቢያ ገንዳ ላይ ፈትጌ አጥቤያለሁ። ስልክ ይዘው ከእናቶቻቸው ጋር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ውድድሩ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ የሚወጣበት ስለሆነ የትኛው ቡድን እንደወጣ ለማወቅ ውጤት መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የተደረደረውን ሻንጣ ማየት ይበቃኝ ነበር። 10 ቡድን ይመጣል፤ 9ኙ እያለቀሰ ይሄዳል።

አንተን ለዚህ ጨዋታ የሰጠሁህ እኔው ነኝ። ከሥራ ስወጣ ውድድሩ ወደሚደረግበት ሊንከን ፓርክ ይዤህ እሄድ ነበር። ስታዲየሙ በር ላይ በነፃ የሚያገለግሉትን ሽማግሌ ታስታውሳቸዋለህ? ከረሜላ ይሰጡህ የነበሩት። ታሪኩን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።) የሁለት ዓመት ኮሌጆች የቤዝቦል ሻምፒዮና መጀመሪያ የተደረገው በ1958 ማያሚ ነው፤ የፍሎሪዳዋ ሳትሆን ኦክላሆማ ውስጥ ያለችው ትንሿ ማያሚ። በዓመቱ፣ በ1959፣ ወደ ግራንድ ጀንክሽን መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም። በ2020 በኮሮና ምክንያት ከመቅረቱ በቀር። ይህን ያህል ዘመን አንድ ትንሽ ከተማ የሌላ ሰው ልጆችን ሲቀበል! እኔ ይህን አከብራለሁ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ኦማሃ ላይ ለሚያደርጉት ሻምፒዮና ቴሌቪዥን አላቸው፤ እነዚህ ልጆች ግን ያላቸው የዚያ ከተማ ሰው ነው። በእረፍት ቀኑ ወንበሩን ሞልቶ፣ ስማቸውን እየጠራ የሚያጨበጭብላቸው።

ሜዳው የተሰየመበትን ሰው፣ ሳም ሱፕሊዚዮን፣ አንተ ከእኔ በላይ ሳታውቀው አትቀርም። ለኒው ዮርኩ ቡድን ለያንኪስ በታችኛው ሊግ ይጫወት ነበር፤ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ልጅ ነበር። እጁን ተጎዳና ቀረ። ቢቀርም አላኮረፈም። ግራንድ ጀንክሽን መጥቶ ኖረ፤ ውድድሩንም ለብዙ ዓመት እንደ ልጁ አሳደገው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ እኔ የማስበው ወንድም ጋሼን ነበር።

የአጎትህን ነገር በቁንጽል ሰምተሃል፤ አያትህ ፊት ስለማይነሳ ሙሉውን ማንም አልነገረህም። አሁን ልንገርህ። ወንድም ጋሼ ለፋብሪካው ቡድን ግራ ክንፍ ይጫወት ነበር። ኮምቦልቻ እሱን የማያውቅ አልነበረም። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል። ከአዲስ አበባ አንድ ቡድን ሊያየው እንደሚመጣ ተወርቶ ቤታችን በዓል መስሎ ነበር፤ አያትህ ታኬታውን በቅባት እየወለወለች አልጋ ሥር ታስቀምጥለት ነበር። ከዚያ ደሴ ላይ በአንድ ጨዋታ ጎል አገባ፤ ዳኛው ኦፍሳይድ ብሎ ሻረበት። ወንድም ጋሼ ሄዶ የዳኛውን ፊሽካ ከአንገቱ በጠሰና አጥሩን አሻግሮ ወረወረው። ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበ። አንድ ዓመት ታገደ።

የአዲስ አበባዎቹ በእገዳው መሃል መጡ። ሌላ ልጅ ወሰዱ።

ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሜዳ ይመለሳል ብለን ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ታኬታው አልጋ ሥር እንዳለ ደረቀ። እኔ አሜሪካ ስመጣ ሊሸኘኝ መጥቶ እንኳ ስለዚያች ጎል ነገረኝ፤ «ተከላካዩ እኮ ከፊቴ ነበር» ይለኛል። ልክ ነበር አቡሽዬ። ሜዳ የነበሩ ሁሉ ልክ ነበር ብለው መስክረውለታል። ልክ መሆኑ ግን አላጫወተውም። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ና፣ እነዚህን ሕፃናት አሠልጥንልን» ቢለው ኖሮ እንደ ሱፕሊዚዮ ይሆን ነበር እላለሁ። ማንም አላለውም። አንተ ስትጫወት ሳያይ ሞተ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቅዳሜ ሄልሜቱን ስትፈጠፍጥ ትከሻህ የእሱን ትከሻ ይመስል ነበር። ለዚህ ነው ያልተኛሁት።

ለዳኛ መልስ አትስጥ።

ያን የቤዝቦል ኮከብ፣ ብራይስ ሃርፐርን፣ እንደምትጠቅስብኝ አውቃለሁ፤ ግድግዳህ ላይ ነው ያደገው። በ2010 የአክስትህ ከተማ ላስ ቬጋስ ካለው ኮሌጅ ጋር ወደ ግራንድ ጀንክሽን ሲመጣ አንተ የ4 ዓመት ልጅ ነበርክ። እሱም ገና 17 ዓመቱ ነበር። በእንጨት ዱላ በአንድ ዓመት 31 ሆምራን፣ ኳሷን አጥር አሻግሮ፣ የመታ ልጅ ነው፤ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሦስተኛ ስትራይክ ሲጠራበት ኳሷ በየት እንዳለፈች ለማሳየት በዱላው አፈሩ ላይ መስመር አሰመረ። ዳኛው አባረረው። በዚያ ዓመት ሲባረር ሁለተኛው ስለነበር ሁለት ጨዋታ ታገደ፤ ቡድኑ ያለ እሱ ቀጣዩን ተሸንፎ ወጣ። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ማታ ከሆቴሉ ጥበቃ ጀምሮ የሚያወራው ስለዚያች መስመር ነበር። ከዚያም በሳምንቱ ውስጥ ዋሽንግተን ናሽናልስ የሚባለው ትልቅ ቡድን ከአገሩ ተጫዋች ሁሉ አንደኛ አድርጎ መረጠው። አንተ የምታየው ይህንን ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ አብረውት የነበሩትን፣ ዓመቱን ሙሉ ሲለፉ ቆይተው ያለ እሱ የተሸነፉትን ልጆች። ከእነሱ አብዛኞቹን ማንም አልመረጣቸውም። አንተን ደግሞ በሳምንትህ በሚሊዮን የሚጠብቅህ የለም። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ እንዳይከፋህ። አንተ የምትፈልገው የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ነው። የጁኮ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ልጅ ያለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ አንዱን ጨርሰሃል። ወንበር ላይ የሚቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ኮቾች የሚያዩት ስትመታ ብቻ አይደለም፤ ስትስት ወደ ተቀያሪ ወንበር እንዴት እንደምትመለስም ያያሉ።

ምሳሌ ከፈለግህ የቤዝቦል ተጫዋቹን ከርቢ ፓኬትን ውሰድ። አጭር ነኝ ብለህ ስታለቅስ የነገርኩህን ሰው። ከዘጠኝ ልጆች የመጨረሻው ነበር፤ አባቱ ሲሞት ከነበረበት ዩኒቨርሲቲ ለቆ ቺካጎ አጠገብ ወዳለው ትራይተን ኮሌጅ የመጣው ለእናቱ ልቅረብ ብሎ ነው። በ1982 ግራንድ ጀንክሽን ተጫወተ። ከዚያ ከሚኒሶታ ቡድን ጋር በ1987ና በ1991 ዋንጫ በላ። 1 ሜትር ከ73 ነበር ቁመቱ፤ አንተ ትበልጠዋለህ። የእናቱን ነገር ልብ በልልኝ፤ በየሳምንቱ ና አላልኩህም፣ የሆነውን ግን ከአንተ አፍ ልስማ። ከቪዲዮ አልስማ።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ነገ ለኮችህ ቢሮው ድረስ ሄደህ ይቅርታ በል፤ በቴክስት አይሆንም። ያ ዳኛ ዳግም ከገጠመህ ሰላም በለው። ትራንስክሪፕትህን ለሁለቱም ኮሌጆች ከሰኔ በፊት አስልክ፤ ክፍያው በእኔ ካርድ ይሁን። ጉልበትህን በረዶ አድርግበት፣ ክኒን አታብዛ። ዳቦ ቆሎና ሽሮ በፖስታ ቤት ልኬልሃለሁ፤ ለጓደኛህ ለዚያ ለቴክሳሱ ልጅ አካፍለው፣ ባለፈው ወዶት ነበር። እሑድ አያትህ ጋ ደውል፤ ስለ ጨዋታው ከጠየቀችህ ስለ ወንድም ጋሼ እንዳታነሳባት።

ግራንድ ጀንክሽን ከገባችሁ ፀሐዩ ደረቅ ነው፤ ሳይጠማህ ውሃ ጠጣ። እኔና አባትህ በመኪና እንመጣለን፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በረዶ እንኳ ቢጥል የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፌ እመጣለሁ። ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ሆኜ አፍህን አየዋለሁ። ለዳኛ መልስ አትስጥ፤ የኔ ጌታ፣ እለምንሃለሁ። ትኬቱን አባትህ ዛሬውኑ ሊገዛ ይፈልጋል፤ መግባታችሁ እስኪታወቅ ቆይ ብዬዋለሁ። እንደታወቀ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደውልልኝ።

እናትህ