እናቴ «ዬስ» ስላሉ የተቀየረው የመብራት አቅራቢ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የመብራት ሒሳብ መናሩ በየቤቱና ከቅዳሴ በኋላ በሚጠጣው ሻይ ላይ ሳይቀር መነጋገሪያ ከሆነ ሰነባብቷል። ብዙዎቻችን የምናማርረው ዋጋውን ነው፤ እኔ ግን በዚህ ደብዳቤ ላነሳ የፈለግሁት የሒሳቡ ባለቤት ሳያውቅና ሳይፈቅድ ኤሌክትሪክ የሚሸጥለት ድርጅት በሌላ ስለሚተካበት አሠራር ነው። ነገሩ በእኛ ቤት ደርሷል፤ ካወራሁት በኋላም እዚሁ ሜሪላንድ በሚኖሩ ሌሎች ወገኖቻችን ቤት መድረሱን ሰምቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ፣ እኔና ባለቤቴ ሥራ በዋልንበት አንድ ቀን፣ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር የሚኖሩት እናቴ ብቻቸውን ቤት ነበሩ። መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለና ታብሌት የያዘ ወጣት በር አንኳኳ። እናቴ እሱ ከተናገረው ሁሉ የለዩት «ኤሌክትሪክ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። በኖሩበት ሰፈር በዚህ ስም በር የሚያንኳኳ ሰው ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ የመጣን ሰው ደግሞ ደጅ አቁሞ ማነጋገር ነውር ነው። ስለዚህ አስገቡት፣ ወንበር ሰጡት፣ በእጁ እያመለከተ ወረቀት ሲጠይቃቸውም ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተይዞ የነበረውን የወሩን ሒሳብ አንስተው ሰጡት። ማታ ስንገባ «የመብራት ኃይል ልጅ መጥቶ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው» አሉን። በዚህ አገር አብዛኛው ቆጣሪ ንባቡን ራሱ ስለሚልክ ቆጣሪ አንባቢ እንደ አገር ቤት በየቤቱ እንደማይዞር ማስታወስ የነበረብን እኛ ነበርን፤ አላስታወስንም።

የመብራት ሒሳባችን በየወሩ ከባንክ በቀጥታ ስለሚቆረጥ፣ እስከ የካቲት ድረስ ወረቀቱን ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም። በየካቲት የተቆረጠው ገንዘብ ሲበዛብኝ ሒሳቡን አወጣሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ድርጅት በአቅራቢነት ተመዝግቧል፤ ቀድሞ 9 ሳንቲም ገደማ የነበረው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም 16 ሳንቲም ሆኗል። በማሞቂያው ምክንያት በዚያ ወር 1,140 ኪሎዋት ሰዓት ስለተጠቀምን፣ በልዩነቱ ብቻ 80 ዶላር ገደማ ከፍለናል ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ማብራራት ይገባል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ሽያጭን ለውድድር ክፍት ካደረገች ወዲህ፣ የመብራት ሒሳባችን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሽቦውንና ቆጣሪውን ለሚያስተዳድረው ማከፋፈያ ድርጅት የሚከፈለው ሲሆን፣ ይህ ድርጅት በመኖሪያ አድራሻችን የሚወሰን ስለሆነ ልንመርጠው አንችልም። ሁለተኛው ግን ኃይሉን ለሚያቀርበው የሚከፈል ነው፤ ደንበኛው ሌላ አቅራቢ ካልመረጠ ኃይሉን የሚያቀርብለት ያው ማከፋፈያው ነው፣ ከመረጠ ደግሞ ፈቃድ ካላቸው ሻጮች ከአንዱ ጋር ይዋዋላል። ዋሺንግተን ዲሲም ተመሳሳይ አሠራር አለ። ፖቶማክን ተሻግረው ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአብዛኛው ይህ ምርጫ ስለሌላቸው፣ የእኛን ችግር ስንነግራቸው ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። አንድ መብራት ኃይል ብቻ ከሚታወቅበት አገር ለመጣ ሰው፣ አምፖሉ እንደበራ፣ ቆጣሪውም ሳይነካ፣ ሻጩ ብቻ ተቀየረ ሲባል ለማመን ይከብዳል።

ሻጩ ደንበኛውን ወደ ራሱ ለማዛወር በዋናነት የሚያስፈልገው የሒሳቡ ባለቤት ስምና የደንበኝነት ቁጥር ነው፤ ሁለቱም በሒሳቡ ወረቀት ላይ ተጽፈዋል። «ቅናሽ እንደሚገባዎት ልይልዎት፤ ሒሳብዎን ያሳዩኝ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሻጩ ይህን መረጃ በኮምፒውተር ሲልክ ማከፋፈያው ዝውውሩን ይመዘግባል፤ ለደንበኛውም ስለ ለውጡ የሚያሳውቅ ደብዳቤ በፖስታ ይልካል። ደብዳቤው ለእኛም ሳይላክልን አልቀረም። ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩት እኔ መሆን አለብኝ።

ወደ ሻጩ ድርጅት ስደውል የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ስምምነትዎ በድምፅ ተቀድቷል።» ቅጂው ይላክልኝ ብዬ አጥብቄ ጠየቅሁ፤ ከስንት ምልልስ በኋላ ላኩልኝ። ሽያጩን ለማረጋገጥ በስልክ የተደረገና አራት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ቃለ መጠይቅ ነው። አንዲት ሴት በፍጥነት በሚነበብ እንግሊዝኛ፣ የሒሳቡ ባለቤት ወይም በባለቤቱ የተወከሉ ስለመሆንዎ ትጠይቃለች። ጥቂት ዝምታ፣ ቀጥሎ የወጣቱ ሹክሹክታ፣ ከዚያም የእናቴ «ዬስ»። ዋጋው ሊለዋወጥ እንደሚችል ተረድተዋል? «ዬስ»። በራስዎ ፈቃድ ነው? «ዬስ»። መካከል ላይ እናቴ ጥርት ባለ አማርኛ «የኔ ልጅ፣ ቡናው ይቀዘቅዝብሃል» ይላሉ፤ ጠያቂዋ ትንሽ ዝም ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች።

የደብዳቤዬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ በእኔ ስም እንጂ በእናቴ ስም አይደለም፤ ስለዚህ ውሉ በዚያ በኩል ብቻ እንኳ ዋጋ የለውም። ነገር ግን ሒሳቡ በስማቸው ቢሆንስ ኖሮ? በማይሰሙት ቋንቋ ለተነበበላቸው ነገር፣ አጠገባቸው በቆመ ነጋዴ እየተነገራቸው የደገሙት ቃል ፈቃድ ሊባል አይችልም። የዋሺንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ሰነዶችን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። መንግሥት ለአንድ ቅጽ አስተርጓሚ ሲያቀርብ፣ በር ላይ የመጣ ሻጭ ግን በየወሩ ገንዘብ የሚያስከፍል ውል በ«ዬስ» ብቻ ሊያስር መቻሉ አግባብ አይመስለኝም። የማረጋገጫው ጥሪ ደንበኛው በሚናገረው ቋንቋ ካልተደረገ ውሉ እንዳልተፈጸመ እንዲቆጠር የሚያደርግ ግልጽ ድንጋጌ እንዲወጣ፣ ድምፃችንን የሰጠናቸውን የሞንጎመሪ ካውንቲ ተመራጮች ልንጠይቅ ይገባናል።

እርግጥ ነው፣ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 አገረ ገዢ ዌስ ሙር የፈረሙት ሕግ የመኖሪያ ቤት ውሎችን ከ12 ወር እንዳይበልጡ ገድቧል፤ ዋጋቸውንም ማከፋፈያው ባለፉት 12 ወራት ካስከፈለው አማካይ ጋር አስሯል፤ ሻጭ ሠራተኞችም ፈቃድ እንዲያወጡ አስገድዷል። «አረንጓዴ ኃይል» ለሚባለው ግን የተለየ ደንብ ስላለው፣ ይህን ስም ይዞ የሚመጣውን ሻጭ ከሌላው ይልቅ በጥንቃቄ መስማት ይሻላል። ሕጉን እደግፈዋለሁ። ሆኖም የገደበው በአብዛኛው ጉዳቱን ነው፤ ያንን ደጃፍ ላይ የሚባለውን «ዬስ» አልነካውም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ እዚህ የኖሩ ሰዎች ታሪኩ አዲስ እንዳልሆነ ያስታውሳሉ። ያኔ ወደ አገር ቤት ስንደውልበት የነበረው የረጅም ርቀት ስልክ ድርጅት ሳንጠየቅ ይቀየርና የወሩ ሒሳብ ሲመጣ እንደነግጥ ነበር፤ «ስላሚንግ» የሚለውንም ቃል የሰማነው ያኔ ነው። የፌዴራሉ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1996 ድርጊቱን ከልክሎታል። ስሙም ዘዴውም አሁን ወደ መብራት ተሻግሯል።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ አንባቢዎች እኔ የሠራሁትን ስሕተት አትድገሙ። እኔ መጀመሪያ የደወልኩት ለሻጩ ነው፤ አርባ ደቂቃ ይዘውኝ «የተሻለ ዋጋ እንስጥዎት» ሲሉኝ ቆዩ፤ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ በራሴ አንደበት አዲስ ውል በገባሁ ነበር። መጀመሪያ መደወል የሚገባው ለማከፋፈያው ነው፤ «ይህን ዝውውር አልፈቀድኩም፤ ወደ ነበርኩበት መልሱኝ» ማለት ይበቃል። እኔን ከሚቀጥለው የቆጣሪ ንባብ ቀን ጀምሮ መልሰውኛል። ቀጥሎ ሒሳቦቹን አያይዞ ለሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ዲሲ ለሚኖርም የራሷ ኮሚሽን አላት። የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም መዝግቡ። አቤቱታዬ ከገባ በኋላ ሻጩ የዋጋውን ልዩነት መለሰልኝ፤ በደብዳቤው ላይ ግን ጥፋቱን ሳያምን «ለመልካም ግንኙነት ሲባል» ብሎ ጽፏል። ገንዘቡን ተቀብያለሁ፤ የድምፅ ቅጂውንም አላጠፋሁትም።

ይህን በቤተ ክርስቲያን ሳወራ አራት ቤተሰቦች እኛም ደርሶብናል አሉኝ። አንዳቸውም አላመለከቱም፤ የራሳቸው ዝንጉነት አድርገው ቆጥረውት አፍረው ተቀምጠዋል። ከአራቱ አንደኛው ጋ የመጣው ሻጭ የራሳችን ልጅ ነበር፤ በአማርኛ «እንዴት ዋሉ እማማ» ብሎ ነው የገባው። ባስፈረመው ሰው ልክ የሚከፈለው ወጣት ኑሮው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አማርኛውን ለዚህ ማዋሉ ከሁሉ የባሰ አሳዝኖኛል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ፣ ከኮሚሽኖቹ ጋር ተነጋግሮ የአቤቱታ ማቅረቢያ ስልካቸውንና አድራሻቸውን በአማርኛ፣ እናቶቻችን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ሊለጥፉት በሚችሉት መጠን አንድ ገጽ አድርጎ ቢያትምልን ትልቅ ውለታ ይሆናል። የእኛ ማግኔት ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶውን ነው፤ ሒሳቡን እናቴ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ