«8 ጊጋባይት ራም» ብሎ ማቆም ለገዢው አይበቃውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኮምፒውተር ግዢ በምታወጧቸው ጽሑፎች የራሙ መጠን «8 ጊጋባይት» ወይም «16 ጊጋባይት» ተብሎ ይታለፋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ለገዢው ግን አይበቃውም። ራሙ ዲዲአር ስንት (የስንተኛው ትውልድ ራም) እንደሆነ፣ በአንድ ካርድ ይሁን በሁለት፣ ባዶ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ይኑር አይኑር፣ የሚነቀል ይሁን ወይም ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ቢጻፍ አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። ይህን የምንጠይቀው ብዙ ሰው ያልጎደለውን ራም እየገዛ ስለሚከስር፣ ሌላው ደግሞ በኋላ መጨመር የማይቻልበትን ላፕቶፕ ሳያውቅ ስለሚወስድ ነው።

ራም ፕሮሰሰሩ አሁን እየሠራባቸው ያሉ ነገሮች የሚቀመጡበት ቦታ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። ሰነድ፣ ፎቶና ፊልም በቋሚነት የሚቀመጡት ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ላይ ነው። ስለዚህ ዲስክ ላይ የተከማቸ ፎቶ ምንም ያህል ቢበዛ ራም አይሞላም። ሲከፈት ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ዲስኩ ላይ ታምቆ 10 ሜጋባይት ገደማ ሊሆን ይችላል። ማስተካከያ ፕሮግራም ሲከፍተው ግን 6000 በ4000 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት፣ በድምሩ 96 ሚሊዮን ባይት ራም ይይዛል። በላዩ ሙሉ ሌየር (ሌላ የምስል ንብርብር) ሲጨመርበት ሌላ 96 ሚሊዮን ነው። የተሠራውን ወደኋላ ለመመለስ ፕሮግራሙ የሚያስቀምጣቸው ቅጂዎችም ከዚያው ከራሙ ይወጣሉ።

በአብዛኛው ቤት ግን ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብሮውዘር ነው። ክሮም በ2008 ከወጣ ጀምሮ ታቦችን በተለያዩ ፕሮሰሶች (ለየብቻ በሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች) ይከፍላል፤ ዛሬ ሌሎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህም አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ፣ የአንዱም መረጃ ለሌላው እንዳይታይ ይረዳል፤ ዋጋው ግን በራም ይከፈላል። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ በአሥር የሚቆጠሩ ሜጋባይቶች ሲበቁት፣ ኢሜይል፣ ቪዲዮ ወይም በኦንላይን የሚሠራ ሰነድ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊይዝ ይችላል። ክሮም ውስጥ ሺፍትና ኢስኬፕ አብረው ሲጫኑ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈትና የትኛው ታብ፣ የትኛው ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ምን ያህል እንደያዘ ያሳያል። ማንም የማይጠቀምበት ኤክስቴንሽን ከገጾቹ ሁሉ በልጦ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ወጪ የስክሪኑ ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ለምስል የሚያስፈልገውን ከዋናው ራም ይቆርጣል። በዊንዶውስ የሲስተም መረጃ ላይ «8 ጊጋባይት» ተብሎ ከጎኑ ለሥራ የሚውለው 5.9 ብቻ እንደሆነ ቢታይ፣ ራሙ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) 2 ጊጋባይት ለግራፊክስ አስቀርቷል። ባዮሱ ከፈቀደ መጠኑን መቀነስ ይቻላል። ለሥራ የሚውለው 3.5 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ፣ ካርዶቹ ሲደመሩ ከ4 ጊጋባይት ከበለጡ ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት መሆን አለመሆኑ ነው። ባለ 32 ቢት አድራሻ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቆጥርም፤ ከዚያም ላይ ከፊሉን ለግራፊክስና ለሌሎች ክፍሎች አድራሻ ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት ከሆነ መፍትሔው ራም መግዛት ሳይሆን ዊንዶውሱን ባለ 64 ቢት አድርጎ እንደገና መጫን ነው። ከዚያ በፊት ግን ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ራም ማነሱ በምን ይታወቃል? ኮምፒውተሩ ገና እንደተከፈተ መመልከት አይረዳም። በተለመደው ቀን የሚከፈተው ሁሉ ተከፍቶ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከተሠራበት በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አብረው ይጫኑና ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር ሜሞሪ ይመረጥ። ሰው ዓይኑን የሚጥለው በመቶኛው ላይ ነው፤ እኛ የምናየው ግን «አቬይለብል» የሚለውን፣ ማለትም ለፕሮግራሞች ሊሰጥ የሚችለውን ራም ነው። ዊንዶውስ ትርፍ ራምን ባዶ አይተወውም። በቅርቡ የተነበቡ ፋይሎችን ያስቀምጥበታል፤ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ወዲያው ይለቅለታል። ይህ «ካችድ» ተብሎ የሚታየው መጠን ብዙ ሲሆን መደሰት እንጂ መደንገጥ አይገባም። «ራም ያጸዳሉ» የሚባሉት ፕሮግራሞች የሚጎዱትም እዚህ ላይ ነው። በሥራ ላይ ያለውን ከራም እያባረሩ ቁጥሩን ያሳምሩታል፤ ከአፍታ በኋላ ፕሮግራሙ ያንኑ መልሶ ከዲስክ መጫን ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለ ይጥፋ።

አቬይለብል ከ1 ጊጋባይት በታች ወርዶ ዲስኩም ያለማቋረጥ ሲሠራ ከታየ፣ ችግሩ በእርግጥ የራም ነው ማለት ይቻላል። ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ብዙ ያልተነካውን ክፍል ዲስክ ላይ ወዳለው ፔጅ ፋይል ያዛውራል። ራም የተጠየቀውን በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይሰጣል፤ ተራ ኤስኤስዲ 100 ማይክሮሰከንድ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ይህም በኤስኤስዲ ሺህ እጥፍ፣ በሃርድ ዲስክ መቶ ሺህ እጥፍ መዘግየት ነው። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲኬድ ስታክ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ አቬይለብል 3 ጊጋባይት እያለ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተቸከለና ያ ዲስክ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ፣ ራም መጨመር ገንዘብ መጣል ነው፤ የሚቀየረው ዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ካለ ጉዳዩ ከሁለቱም ውጭ ነው።

«ኮሚትድ» የሚለው መስመር ሁለት ቁጥር አለው። ሁለተኛው ራምና ፔጅ ፋይል ተደምረው የሚሰጡት ጣሪያ ነው። የመጀመሪያው፣ ማለትም ለፕሮግራሞች የተመደበው መጠን፣ ወደዚያ ሲጠጋ ፕሮግራሞች በድንገት ሊዘጉ ይችላሉ፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይጠፋል። ለፍጥነት ብለው ፔጅ ፋይልን የሚያጠፉ ሰዎች የሚያገኛቸው ይኸው ነው። መጠኑን ለዊንዶውስ መተው ይሻላል።

አንድ ቀላል ነገርም ይረሳል። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ ሲበራ፣ ሻት ዳውን የሲስተሙን እምብርት ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ያነሳዋል። ድራይቨር (የኮምፒውተሩን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ራም ይዞ የማይለቅ ከሆነ ችግሩ በየቀኑ ቢዘጋም አይጠፋም። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከአዲስ ይጀምረዋል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይህ ይሞከር።

መጠኑን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ይህ ግን ለመጫን የሚበቃ እንጂ ተረጋግቶ ለመሥራት የሚበቃ አይደለም። ሲስተሙ ብቻውን ከዚያ አብዛኛውን ይወስዳል። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለጥቂት ታቦች 8 ጊጋባይት ዛሬም ይሠራል። ዛሬ አዲስ ለሚገዛ ሰው ግን የምንመክረው 16 ነው፤ በተለይ ራሙ የተበየደ ከሆነ። 32 የሚያስፈልገው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ብዙ ሌየር ላለው ፎቶ ወይም ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ለሚያስነሳ ነው። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ የመነሻ ራሙ 16 ኪሎባይት ነበር፤ 16 ጊጋባይት የዚያ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ነው። ፍላጎት በዚህ ልክ ስለሚያድግ፣ መጨመር የማይቻልበትን ላፕቶፕ ለዛሬ በሚበቃው ልክ ብቻ መግዛት ዕድሜውን ማሳጠር ይሆናል።

መጨመር የሚቻል ከሆነ ዓይነቱ መመሳሰል አለበት። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አይቀላቀሉም፤ በእያንዳንዱ ካርድ ጠርዝ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ ስሎቱ ውስጥ አይገቡም። የላፕቶፕ ካርድ በዲዲአር 3 ጊዜ 204፣ በዲዲአር 4 260፣ በዲዲአር 5 262 ፒን አለው። ተንኮለኛው ዲዲአር 3 ነው። 1.5 ቮልት የሚፈልገውና በ1.35 ቮልት የሚሠራው፣ «ኤል» የሚል ምልክት ያለው፣ ቅርጻቸው አንድ ነው። 1.35 ብቻ የሚሰጥ ላፕቶፕ ላይ ባለ 1.5ቱ ቢገባ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ካርዶች ሲደባለቁ ሁሉም በዝግተኛው ፍጥነት ይሠራሉ። ከአንድ 8 ይልቅ ሁለት 4 ጊጋባይት ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት ቻናል፣ ማለትም በሁለት የመረጃ መንገድ፣ ስለሚያነብ የአንድ ቻናሉ 25.6 ጊጋባይት በሰከንድ፣ ፍጥነቱ 3200 ለሆነ ዲዲአር 4፣ ወደ 51.2 ከፍ ይላል። ይህን በግልጽ የሚያሳየው የራሱ ግራፊክስ የሌለው ኮምፒውተር ነው። አራት ስሎት ባለው ዴስክቶፕ ሁለት ካርዶች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው፤ ጎን ለጎን የሰኩ ሰዎች ሁለተኛውን ቻናል ሳያውቁ ይተውታል።

ለመቀየር ኮምፒውተሩ ይዘጋ፣ ገመዱ ይነቀል፣ ላፕቶፕ ከሆነ የባትሪው ማያያዣ ይላቀቅ፣ ከዚያ ማብሪያው ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይቆይ። ካርዱን ከመያዝ በፊት ያልተቀባ ብረት መንካት ኤሌክትሪክ ከሰውነት ወደ ቺፑ እንዳይዘል ያደርጋል። የላፕቶፕ ካርድ ሰያፍ ሆኖ፣ ወርቃማው ጠርዙ እስኪሸፈን ከገባ በኋላ ክሊፖቹ ድምፅ እስኪሰጡ ወደ ታች ይጫናል። የዴስክቶፑ በሁለቱም ጫፍ እኩል ተገፍቶ ይገባል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ሰው ከሚጠብቀው ይበልጣል፤ ስክሪን የማይመጣውም ብዙ ጊዜ ካርዱ እስከ መጨረሻው ስላልገባ ነው። ዲዲአር 5 ከሆነ ግን መጀመሪያ ሲበራ ጥቂት ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል፤ ማዘርቦርዱ ካርዱን እየለካ ስለሆነ አይጥፋ። 3200 ተብሎ የተገዛ የዴስክቶፕ ራም 2133 ወይም 2400 ካሳየም አልተታለሉም፤ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የፍጥነት ቅንብር እስኪበራ በመነሻ ፍጥነቱ ይሠራል።

አዲስ ካርድ ከገባ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፣ ወይም ከኢንተርኔት የወረደ የታመቀ ፋይል አንዴ እየተከፈተ አንዴ «ተበላሽቷል» ካለ፣ ራሙ ይፈተሽ። ሜምቴስት86 የተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ተጭኖ ከዚያ ሲነሳ ዊንዶውስን ሳይጠብቅ ይፈትሻል፤ ቢያንስ አራት ዙር፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢተው ይመረጣል። ተቀባይነት ያለው የስህተት ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው። ስህተት ከወጣ ካርዶቹ አንድ በአንድ፣ በየስሎቱ እየተቀያየሩ ይሞከሩ። ስህተቱ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ካርዱ ይቀየር፤ የትኛውም ካርድ ቢገባ በዚያው ስሎት ላይ ከቀረ ግን መጀመሪያ ስሎቱ ከአቧራ ይጽዳ፤ ካልተለወጠ የሚታየው ማዘርቦርዱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች